«ሉጋር ላንግ»

ባለፈው ሳምንት ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሚኒባሷ ጢም ብላለች። እኔ የመጨረሻው ወንበር ጥግ ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀምጫለሁ። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው። መውረጃዬ ሲደርስ አፌ ቀደመኝና «ሉጋር ላንግ!» ብዬ ጮህኩ።

ረዳቱ ዞሮ አየኝ። «ምን አልክ ብሮ?»

«ወራጅ አለ» አልኩት።

«አረብኛ ነው?» አለ አንዱ ከፊት። ሰው ሳቀ። እኔም ፈገግ እያልኩ ወረድኩ።

አረብኛ አይደለም። ቢሳያ ነው። በመካከለኛው ፊሊፒንስ ደሴቶች ጂፕኒ፣ ማለትም የነሱ የጋራ ታክሲ ላይ የተሳፈረ ሰው መውረድ ሲፈልግ የሚለው ነው፤ የኛው «ወራጅ አለ» ማለት ነው። በትክክለኛው ቦታ ለመጨረሻ ጊዜ ካልኩት ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። እስከዛሬ የት ተደብቆ እንደቆየ እንጃ።

አዲስ አበባ ውስጥ የኔ እኩዮች ተሰብስበው ቡና ሲጠጡ ወሬው ዞሮ ዞሮ ልጅነት ላይ ይወድቃል። አንዱ ስለ ብይ ያነሳል። ሌላው ስለ ጆተኒ። የጨርቅ ኳሱ፣ ሰኞ ማክሰኞው፣ ለቡሄ የተገመደው ጅራፍ ይቀጥላል። «ታስታውሳለህ?» ይባባላሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ግን ሳቄ የተውሶ ነው። የራሴን ልጅነት ባነሳ «ታስታውሳለህ?» የምለው ሰው የለኝም። እህቴ ስንመለስ ገና አራት ዓመቷ ነበር። አባቴ አርፏል። እናቴ የምታስታውሰው ደግሞ ሌላ ነው፤ ሙቀቱን፣ ትንኙን፣ የጤፍ እጦቱን።

ስለዚህ ለማላውቃችሁ ሰዎች ላውራው።

አባቴ የዓሣ ሰው ነበር። ዝዋይ ሐይቅ ላይ ቆሮሶና አምባዛ ሲመዝንና ሲለካ ነው ሥራ የጀመረው። በ1995 (ዓመቶቼ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ያኔ የምቆጥረው እንደዚያ ነበር) ዱማጌቴ በምትባል ከተማ በሚገኘው በሲሊማን ዩኒቨርሲቲ ሊማር እኛን ይዞ ሄደ። ኤርትራ ነጻ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ዘመድ ሁሉ «ባሕሩ ከእጃችን ሲወጣ አንተ ባሕር ልትማር?» እያለ ይቀልድበት ነበር። እኔ ስድስት ዓመቴ ነው። ለሁለት ዓመት ተብሎ የተሄደው ነገር ስድስት ዓመት ሆነ።

ደሴቲቱ ኔግሮስ ትባላለች። ስፔኖች በ16ኛው መቶ ዘመን ሲመጡ ቆዳቸው የጠቆረ ነባር ሰዎች አግኝተው ነው ይህን ስም የሰጧት። ከዚያ በፊት ቡግላስ ነበር ስሟ። አባቴ ይህን የሰማ ቀን የሳቀው ሳቅ አይረሳኝም። «ለኛ ተብሎ የተሰየመ ደሴት ነው» አለ። ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይህንኑ ቀልድ ይደግመው ነበር። እናቴ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልሳቀችለትም።

ዱማጌቴ የምሥራቅ ኔግሮስ ዋና ከተማ ነች። በ2020 ቆጠራ ነዋሪዋ ወደ 134 ሺህ ነበር፤ በኛ ጊዜ ከዚያም ታንስ ነበር። ነዋሪዎቿ «የጨዋ ሰዎች ከተማ» ይሏታል። የስሟ ምንጭ ግን ብዙም ጨዋ አይደለም። «ዳጊት» ማለት ጭልፊት ጫጩት እንደሚነጥቀው ያለ ንጥቂያ ነው። በጥንት ጊዜ ከደቡብ በጀልባ የሚመጡ ወራሪዎች ሰው እየነጠቁ ለባርነት ይወስዱ ነበርና ስሙ ከዚያ መጣ ይባላል። ከካቴድራሉ ጎን የቆመው የድንጋይ ደወል ቤት ካምፓናርዮ ይባላል። ወራሪ ሲታይ ደወሉ ይደወል ነበር። እኛ ልጆቹ ግን ሥሩ ሻማ ከሚሸጡት ሴቶች ጋ ከመቆም በቀር ጉዳያችን አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲው ራሱ የተጀመረው በ1901 ነው። አሜሪካውያን ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናውያን በ15 ወንድ ልጆች ጀመሩት። ሲሊማን የሚባል የኒውዮርክ ነጋዴ 10,000 ዶላር ሰጥቶ ስሙ ቀረለት። ግቢው ባሕር ዳር ድረስ ይወርዳል። እኛ ከጀርባው የእንጨት ቤት ተከራይተን ነበር። ግቢውን የሸፈኑት ግዙፍ ዛፎች ናቸው። ሰዎቹ «አካሲያ» ይሏቸዋል። እናቴ አካሲያ ማለት ግራር እንደሆነ ተነግሯት ነበርና በደረስን ማግስት ግራር ልታይ ወጣች። የጠበቃት ዛፍ ግንዱ ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው፣ ከላይ እንደ ድንኳን የተዘረጋ ነገር ነው። ዘሩ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ከኛ ግራር ጋር በስም ብቻ ይገናኛሉ። አመሻሽ ላይ ወይም ዝናብ ሲመጣ ቅጠሎቹ እንደ መጽሐፍ እጥፍ እጥፍ ይላሉ። «ይሄ እንኳን ማታ ይተኛል» ትል ነበር እናቴ፣ እኔን አልጋ ውስጥ ልታስገባ ስትታገል።

ከዚሁ ዛፍ ሥር ነው አባቴ ጭራቅ የሆነው።

በዚያ አገር መብራት መጥፋት «ብራውንአውት» ይባላል። ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ሲጠፋ ማንም ቤቱ አይቀመጥም፤ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ሰፈሩ በሙሉ ወደ መንገድ ይወጣል። ጎረቤታችን አንዲት ባልቴት ነበሩ። ስማቸውን ሳላውቅ አደግኩ፤ ለሁላችንም «ሎላ» ነበሩ፣ አያቴ ማለት ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጠው የጨለማ ተረት ያወራሉ። አንዱ ተረት ስለ አግታ ነው። አግታ ጥቁር ግዙፍ ሰው ነው፣ ትልልቅ ዛፍ ላይ ይኖራል፣ ሌሊት ትምባሆ ያጨሳል። ጨለማ ውስጥ ቀይ ፍም ካያችሁ እሱ ነው፣ ሩጡ።

አባቴ ሲጋራ ማቆሙን ለእናቴ ምሎ ነበር። አላቆመም። መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት ከአካሲያው ጀርባ ቆሞ ይለኩሳል። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከሰማንያ በላይ ነው። የሎላ የልጅ ልጅ ሽንቱን ሊሸና እዚያው ሄደ። የሰማነው ጩኸት ብቻ ነው፤ «አግታ! አግታ!» ልጁ ሱሪውን ይዞ መጥቶ ሎላ ቀሚስ ውስጥ ገባ። ወንዶቹ ገጀራ ይዘው ሄዱ። አባቴ ከዛፉ ጀርባ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» እያለ በእንግሊዝኛ ብቅ አለ፣ ሲጋራው እንደያዘው። ሰፈሩ ሳምንት ሳቀ። እናቴ ሳምንት አኮረፈች። ከዚያ ወዲያ አባቴ ባለፈ ቁጥር የሰፈር ልጆች «ጉድ ኢቭኒንግ አግታ» ይሉት ጀመር፣ እሱም ባርኔጣውን ያነሳላቸው ነበር።

ሁሉም ነገር እንዲህ የሚያስቅ አልነበረም። ትምህርት ቤት በገባሁ የመጀመሪያው ሳምንት አንድ ልጅ ክንዴን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ ጣቱን አየ፤ ይለቅ እንደሆነ። ጠጉሬን ያልነካ አልነበረም። ለገና ተውኔት ሦስት ዓመት በተከታታይ ከሰብአ ሰገል አንዱን ሆኜ ሠርቻለሁ። የትኛውን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ የአንድ የክፍሌ ልጅ እናት ስጦታ ይዘው መጡ። በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ሪባን የታሰረለት። ስፈታው የፓፓያ ሳሙና ነው። ቆዳ ያቀላል ተብሎ እዚያ ሁሉም ሰው የሚታጠብበት ብርቱካንማ ሳሙና። ሴትዮዋ ክፋት አልነበረባቸውም። ለራሳቸው ልጅም የሚገዙት እሱኑ ነው። እናቴ አመስግና ተቀበለች። ከዚያ የአባቴን ካልሲ አጠበችበት።

ጎረቤቶቹ ግን እጅግ ደግ ነበሩ። በዚያ አገር ልጅ የአዛውንት እጅ ተቀብሎ ግንባሩ ላይ ያደርጋል። እኔ ጉልበት መሳም የለመድኩ ልጅ ስለነበርኩ የመጀመሪያ ቀን ሎላ እጃቸውን ሲዘረጉልኝ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ደነገጡ። ከዚያ አለቀሱ። ያን ቀን የሎላ ልጅ ሆንኩ።

እህቴ በ1997 ስትወለድ ደግሞ ሎላ መጥተው አዩዋትና «ፑርያ ቡያግ» አሉ። እናቴ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀች። ሕፃን ሲያደንቁ ዓይን እንዳይበላው የሚባል ነው አሏት። እናቴ ፊቷ በራ። «እኛም እንትፍ እንትፍ እንላለን» አለችና አሳየቻቸው። ሁለቱ ሴቶች በሕፃኗ ላይ ተራ በተራ ሲተፉባት ዋሉ።

ሎላ ያስጠነቀቁን ትልቁ ነገር ሲኪሆርን ነው። ከዱማጌቴ ባሕር ዳር ቆማችሁ ወደ ማዶ ስታዩ ሰማያዊ ሆና የምትታይ ትንሽ ደሴት አለች። የድግምትና የመድኃኒት አገር ተብላ ትፈራለች። እዚያ ሰው የሰጣችሁን እንዳትበሉ፣ ትከሻችሁን መታ ካደረገ መልሳችሁ መታ አድርጉ ይላሉ። ፊሊፒናውያን ከሌላ ክፍለ ሀገር ሲመጡ ይህን ሰምተው ይስቃሉ። እናቴ አልሳቀችም። «ይሄማ ቡዳ ነው» ብላ ወዲያው ገባት። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲኪሆርን በዓይኗ እንጂ በእግሯ አልረገጠቻትም።

ባሕር ዳር ስል ቡሌቫሩን ማለቴ ነው። ሪዛል ቡሌቫርድ። ሪዛል የፊሊፒንስ ትልቁ ጀግና ነው፤ ሐኪምና ጸሐፊ ነበር። ከግዞት ሲመለስ በነሐሴ 1896 መርከቡ ዱማጌቴ ቆማ ነበር ይባላል። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ስፔኖች ማኒላ ላይ ረሸኑት። እኔ ግን ቡሌቫሩን የማስበው በኮምጣጤ ሽታው ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሴቶች ጋሪ ይዘው ይመጣሉ። ከዓሣና ከዱቄት የተሠራ ጣት የሚያክል ነገር በስንጥር ሰክተው ዘይት ውስጥ ይጠብሳሉ። ቴምፑራ ይሉታል፤ ከጃፓኑ ጋር አይገናኝም። ከስድስት ኢንች የማይበልጥ የላስቲክ በርጩማ ላይ ትቀመጣላችሁ። ሽንኩርትና ሚጥሚጣ የመሰለ ቃሪያ ያለበት ኮምጣጤ ውስጥ ትነክራላችሁ። ሒሳቡ ስንጥሩን ቆጥሮ ነው። እኔና የሎላ የልጅ ልጅ ሁለት ሦስት ስንጥር በርጩማው ሥር ረግጠን እንቀብር ነበር። ሻጯ ታውቃለች። አንድም ቀን አልተናገረችም። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፣ ያኔ ግን በዓለም ላይ እንደኛ ብልጥ ያለ አይመስለኝም ነበር።

አባቴ የሚወደው ኪኒላውን ነበር። ጥሬ ዓሣ በኮምጣጤና በዝንጅብል። እናቴ «ጥሬ?» ብላ ፊቷን ስታዞር «አንቺ ክትፎ ስትበዪ ምን ልትሆኚ ነው?» ይላት ነበር። መልስ አልነበራትም።

የእናቴ ሐዘን እንጀራ ነው። አንድ ቅዳሜ ገበያ ይዛኝ ሄደች። ገበያው ውስጥ ትኩስ የሚጠጣበት ጥግ አለ፣ ፓይኒታን ይባላል። ሲክዋቴ የሚሉት ወፍራም የካካዎ መጠጥ በስኒ ይቀርባል። ከሱ ጋር በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ቡድቡድ ይበላል። አብዛኛው ከሩዝ ነው። አንዱ ግን ቢጫ ነበር። ፈታችው። በጣቷ ፈረፈረችና ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ጥቃቅን ፍሬ ነው። እጄን ጨምቃ ያዘችኝ። «ጤፍ!» አለች። ጮክ ብላ ነው ያለችው፤ ሻጯም ዞረች።

ጤፍ አልነበረም። ካቦግ ይባላል፣ የዳጉሳ ዘመድ ነው። እናቴ ግን ተስፋ ያዘች። ጥሬውን ገዛች። አስፈጨች። በፕላስቲክ ባልዲ አቦካች። በዚያ ሙቀት ሊጥ ሦስት ቀን አይጠብቅም፤ በማግስቱ ቤቱ ሁሉ ጎምዝዞ ነበር። ምጣድ የለም፤ ትልቁን መጥበሻ ጣደች። ዙሪያውን እየዞረች ስታፈስ አባቴና እኔ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ዝም ብለን ቆመናል። ክዳኑን አነሳችው። ዓይን የለውም። አንድም። ጠርዙ ተሰነጣጥቋል። መሃሉ ረጥቧል። ልታነሳው ስትል ለሦስት ተቆረጠ።

ተቀምጣ አየችው። ከዚያ ሎላ ገቡ። አዩት። አንዱን ቁራጭ አነሱ፣ ስኳር ነሰነሱበት፣ በሉት። «የኢትዮጵያ ቢቢንካ» አሉ። ቢቢንካ የነሱ የሩዝ ኬክ ነው። እናቴ መጀመሪያ ማልቀስ ጀመረች፣ መሃል ላይ ሳቅ ሆነባት። ከዚያ ወዲያ ሎላ በየወሩ ካቦግ እየገዙ «ያንን ቢቢንካሽን ጋግሪ» ይሏት ነበር። የእናቴ ያልተሳካ እንጀራ እዚያ ሰፈር የታወቀ ጣፋጭ ሆኖ ቀረ።

ጾም ሌላ ፈተና ነው። የከተማዋ ጠባቂ ቅድስት ካታሪና ናት፣ የእስክንድርያዋ። በዓሏ ኅዳር ውስጥ በፈረንጁ 25 ቀን ነው። የዚያን ቀን የማንም ቤት በር ክፍት ነው፤ የማታውቁት ሰው ቤት ገብታችሁ ትበላላችሁ። የኛ የነቢያት ጾም ደግሞ የሚገባው ልክ በዋዜማው ነው። ሰፈሩ በሙሉ ሲበላ የኛ ቤት ምስር ይቀቀላል። ያም ብቻ ቢሆን ጥሩ። የየቤቱ ጠረጴዛ መሃል ላይ የተጋደመው ሌቾን ነው፤ ሙሉ አሳማ፣ ሆዱ ውስጥ የሎሚ ሣር ታጭቆ በቀርከሃ ተሰክቶ ፍም ላይ የዞረ፣ ቆዳው እንደ መስታወት የሚያበራ።

አሥር ዓመቴ ነው። የሎላ ልጅ ቆዳውን በእጁ ሰበረና አንድ ቁራጭ ሰጠኝ። ግራ ቀኝ አየሁ። አፌ ውስጥ ከተትኩት። ቀጭ አለ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከምግብ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሁለተኛ ወሰድኩ። ሦስተኛ። ከዚያ ወደ ባሕር ሮጬ እጄን በአሸዋ ፈተግኩ።

ቤት ስገባ እናቴ ምንም አልጠየቀችኝም። እጄን አንስታ አሸተተችው። «ሎሚ ሣር ምን ያደርጋል እጅህ ላይ?» አለች። በጾም፣ አሳማ፣ ያውም ሰርቆ። ከሦስቱ የትኛው እንደከፋ ለብዙ ሌሊት አስቤያለሁ። ዛሬ የምናገረው እናቴ ይህን ጽሑፍ እንደማታነብ ስለማውቅ ነው፦ በቀጣዩም ዓመት በልቻለሁ።

እናቴ ከሁሉም በላይ የምትወደው ወቅት ግን ገና ነበር። እዚያ ገና በመስከረም ይጀምራል። አልቀልድም፤ የፈረንጁ መስከረም ሲገባ ሱቁ ሁሉ የገና ዘፈን ይከፍታል። ከታኅሣሥ 16 እስከ 24 ድረስ ዘጠኝ ሌሊት ከንጋት በፊት ቅዳሴ አለ። እናቴ ካቶሊክ አይደለችም። ግን ሌሊት 10 ሰዓት ደወል ሲደወል፣ ሰው በጨለማ ሹራብ ደርቦ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ስታይ አላስቻላትም። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ውጭ ቆማ ትሰማለች። እኔ እንቅልፌን ሳልጨርስ ከጎኗ። ሲያልቅ ሁሉም ወደ ፓይኒታኑ ይጎርፋል፤ ሲክዋቴ ከማንጎና ከትኩስ የሩዝ ጥቅል ጋር። እንፋሎቱ መሃል ነጠላ ለብሳ የተቀመጠችው እናቴ እስካሁን ትታየኛለች። የፈረንጁም የኛም ገና ይከበርልኝ ነበር። ይህን ለክፍሌ ልጆች ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የቀኑብኝ ያኔ ነው።

አባቴ አንድ ቀን አፖ የምትባል ትንሽ ደሴት ወሰደኝ። ማላታፓይ ከሚባለው የረቡዕ ገበያ፣ በሬና አሳማ ከሚሸጥበት ዳርቻ፣ ግራና ቀኙ የቀርከሃ ክንፍ ባለው ጀልባ ተሳፈርን። አፖ በዓሣ ሰዎች ዘንድ ታዋቂ ናት። አንሄል አልካላ የተባለ የሲሊማን ባዮሎጂስትና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከደሴቲቱ አጥማጆች ጋር ተነጋግረው የባሕሩን አንድ ክፍል ዘጉት። ማንም እዚያ አያጠምድም። መጀመሪያ ያመነ ጥቂት ነበር፤ ዓሣ እያነሰ ማጥመጃ መዝጋት ምን የሚሉት ነው? በዓመታት ውስጥ ግን ከተዘጋው ክፍል ዓሣው ሞልቶ ወደ ውጭ መፍሰስ ጀመረ፣ አጥማጆቹም ከድንበሩ ውጭ የተሻለ ያገኙ ጀመር። ጠባቂዎቹ ራሳቸው አጥማጆቹ ናቸው።

አባቴ ውኃው ውስጥ ወገቡ ድረስ ቆሞ ይህን አስረዳኝ። «የቤተ ክርስቲያን ደን አየህ?» አለኝ። «ዙሪያው ሁሉ ተመንጥሮ እሱ ብቻ የሚቀረው? እነዚህ ሰዎች የባሕር የቤተ ክርስቲያን ደን ሠሩ።» እኔ እየሰማሁት አልነበረም። ከሥሬ የምግብ ትሪ የምታክል ኤሊ ትግጥ ነበር። ሣር እንደሚግጥ በግ፣ ቀስ ብላ፣ እኔን ቁብ ሳትሰጠኝ።

ከተመለስን በኋላ አባቴ ይህንኑ ሐሳብ ስለ ሐይቆቻችን በየስብሰባው አነሳው። አጀንዳ ተያዘ። ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። ሻይ ተጠጣ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሲያነሳው ኖረ።

የወጣነው በ2001 ነው። ሎላ እየተንቀጠቀጡ «አምፒንግ» አሉኝ፤ ራስህን ጠብቅ ማለት ነው። አዲስ አበባ ስንገባ ክረምት ነበር። ቆሎ የምትሸጥ ሴት አይቼ በቢሳያ ዋጋ ጠየቅኳት። ትምህርት ቤት ውስጥ «ቻይናው» ተባልኩ። እዚያ ጥቁሩ ነበርኩ፣ እዚህ ቻይናው። ሆኖም ልጅ ቶሎ ይለምዳል፣ ቶሎም ይረሳል። በዓመት ውስጥ ቢሳያው ከአፌ ወጣ። ማንም ያላናገረው ቋንቋ እንደማይኖሩበት ቤት ነው፤ መጀመሪያ መስኮቱ ይሰበራል፣ ከዚያ ጣሪያው።

በ2021 ግን አንድ ነገር ሆነ። ከቡሌቫሩ ፊት ለፊት 174 ሄክታር ባሕር በአፈር ተሞልቶ ዘመናዊ ከተማ ይሠራበታል የሚል ዕቅድ ኢንተርኔት ላይ አነበብኩ። ከተማው ተንጫጫ፤ ሲሊማንም፣ ካቶሊኮቹም፣ አጥማጆቹም ተቃወሙ። እኔ ሳር ቤት ካለው ቤቴ ሆኜ ደሜ ፈላ። ሌሊት ተነስቼ አስተያየት ጻፍኩ። ከዚያ አጠፋሁት። ምኔ ነው? መሬት የለኝ፣ ፓስፖርት የለኝ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኦዴት የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን ሲመታት ደግሞ የማየው የአካሲያዎቹን ፎቶ ነበር፤ የትኛው ወድቋል እያልኩ። ሰው ቤቱ ጣሪያ ፈርሶበት እኔ ስለ ዛፍ።

ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ የአክስት ልጅ አለችኝ። እዚያው ቤት ምግብ የምታበስል ፊሊፒናዊት አለች፣ በዕድሜ ትበልጣታለች። የታክሲው ነገር በሆነ ማግስት የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝና አወራኋት። «ቆይ፣ ቆይ» አለች። ስልኩ ተንኳኳ። ኩሽና ውስጥ ናቸው፣ ሳህን ይጋጫል። አንዲት ሴት ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች፣ ጠጉሯን በፎጣ ጠቅልላ።

«ታጋ አሳ ካ?» አለችኝ። የየት አገር ሰው ነህ?

አፌን ከፈትኩ። ምን እንደሚወጣ አላወቅኩም። «ታጋ ዱማጌቴ ኮ» አልኩ።

«ሃላ!» ብላ ጮኸች። እሷ የባያዋን ልጅ ናት፤ ከዱማጌቴ ወደ ምዕራብ ጥቂት ሰዓት በአውቶቡስ። ማውራት ጀመረች። ሩቡን ሰማሁ። የሰማሁትን ለመመለስ ስሞክር ሳቋ መጣባት። ለአክስቴ ልጅ በተሰባበረ አረብኛ አስረዳቻት፣ እሷም ተረጎመችልኝ፦ «እንደ ሕፃን ነው የምታወራው ትላለች። የአሥር ዓመት ልጇ እንደዚህ ነው የሚያወራው አለች።»

ልጁ ከእናቷ ጋር ባያዋን ነው። ሦስት ናቸው። ለአራት ዓመት አላየቻቸውም።

ቴምፑራው አሁንም አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አለ መሰለኝ አለች፤ ልጆቿ ፎቶ ልከውላት ነበር። በርጩማዎቹስ? «አምቦት» አለች። እንጃ። እሷም እኔም ዝም አልን። የአክስቴ ልጅ ስልኩን እንደያዘች አንዴ እሷን አንዴ እኔን ታያለች።

ከዚያ ሴትዮዋ ድስቱን ከፈተች። እንፋሎት ስክሪኑን ሸፈነው። ሩዝ በማንኪያ ዝቃ ወደ ስልኩ አስጠጋችና «ካኦን ታ፣ ዶንግ!» አለችኝ።

«እንብላ ነው የምትልህ» አለች የአክስቴ ልጅ።

«ገብቶኛል» አልኳት።